ለእንግዳ የተዘራ ካሮት

ሰውየውን ተማሪውም መምህሩም «ሴሚናር» ይለዋል። ሰው ስም ሲያወጣ ዝም ብሎ አያወጣም፤ ሰውየው የስልጠና ጥሪ አምልጦት አያውቅም። ስለ ንብ ርባታ ስልጠና አለ ከተባለ ሴሚናር አለ። ስለ እሳት አደጋ መከላከል ከተባለ ሴሚናር ፊተኛው ረድፍ ላይ ተዘፍዝፏል። ስለ ጡት ማጥባት ጥቅም በተዘጋጀው መድረክ ሳይቀር ተገኝቶ፣ ከእናቶቹ ሁሉ ቀድሞ እጁን አውጥቶ፣ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» በማለት የሰው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተናግሯል። የሳሎኑ ግድግዳ በምስክር ወረቀት ተለስኗል። በየስልጠናው የታደለው ቆብ፣ ቦርሳ፣ የአንገት ባጅ፣ ሁለት መስመር ጽፎ የሚሞተው እስክሪብቶ በየጥጉ ወድቋል። ከዚያ ሁሉ ስልጠና ወደ ጭንቅላቱ የገባው የት እንደ ደረሰ ግን እሱም አያውቅም፤ የጠየቀውም የለም።

እንዲህ ያለ ሰው ከሰማይ አይወርድም። እናቱ አትክልት ቸርቻሪ ናት። በዚህ ምንም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ልጇ ነውር ማድረጉ ነው። ከሚስቱ ቤተሰቦች ጋር ሲተዋወቅ «እናቴ በንግዱ ዘርፍ ነች» አላቸው። ቤተሰቦቹም ሱቅ ጠበቁ፤ ምናልባትም ከነቅርንጫፉ። የንግዱ ዘርፍ ግን አንድ ጆንያ ላይ የሚዘረጋ፣ ዝናብ ሲመጣ ተጠቅልሎ በብብት የሚያዝ ነበር። ከዚያ ጆንያ ጥግ ተቀምጦ ያደገው ሴሚናር ሁለት ነገር ተምሯል። አንዱ፣ አትክልትን በአውራ ጣት ጫን ብሎ ዕድሜውን ማወቅ ነው። ሌላው፣ ያንኑ ዕድሜ ከገዢ መደበቅ። እናቱ የትናንቱን ሰላጣ የዛሬ፣ የሰነበተውን ካሮት የትናንት የምታስመስል ባለሙያ ነበረች። «ገዢ መጀመሪያ የሚበላው በዐይኑ ነው፤ ቤቱ ገብቶ በጥርሱ ሲበላው እኔ የለሁም» ትል ነበር። ልጇ ይህን ሙያ ያለ ምስክር ወረቀት ስለ ተማረው፣ ተማርኩ ብሎ ቆጥሮት አያውቅም።

የዚህ ሰው ምኞት ሁሉ ተጨምቆ ሲወጣ አንድ ወንበር ይሆናል። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ጡረታ ወጡና ወንበራቸው ባዶ ቀረ። የሚዞር ወንበር ነው፤ መደገፊያው ከፍ ያለ፣ ክንዱ ጥቁር፣ ጨርቁ ትንሽ ያረጀ። ሴሚናር በዚያ ክፍል በር ባለፈ ቁጥር አንገቱ ሳያዘው ይዞራል። አንድ ቀን ማንም የለም ብሎ ገብቶ ተቀመጠበት። ወደ ግራ ዞረ፤ ወደ ቀኝ ዞረ። ቀና ሲል የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እየሞከርኩት ነው» አለ ብድግ ብሎ። «ሲዞር ይጮሃል ብለውኝ።»

«አይጮህም» አለችው። «እኔም ሞክሬዋለሁ።»

ቤት ሲገባ ደግሞ ሚስቱ አለችለት። «የእህቴ ባል፣ ያ ስሙን ሲጽፍ ምላሱን የሚያወጣው፣ ኃላፊ ሆነ አሉ» ትለዋለች ሳህን እያጠበች። «አንተ ደግሞ ቆብ ሰብስብ። ለስንት ራስ እንደሆነ እንጃ!»

ወደ ወንበሩ የሚያደርሰው መንገድ በጭነት መኪና መጣ። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት «ተማሪ አምርቶ፣ አብስሎ፣ በልቶ ይማር» የሚል መርሐ ግብር ነድፎ፣ ለትምህርት ቤቱ ዘር፣ መኮትኮቻ፣ ውሃ ማጠጫና ባለ ጋዝ ምድጃ ከነድስቶቹ ላከ። ዳይሬክተሯ እንግዳ ይመጣል ከተባለ እንኳን ግቢውን፣ የግቢውን ድመት የምታሳጥብ ሴት ናት። መምህራኑን ሰብስባ «በግብርና የሰለጠነ ማን አለ?» ስትል የሴሚናር እጅ ከጥያቄው ቀድሞ ወጥቷል። ስብሰባው እንደ ተበተነ ቢሮዋ ጠራችው።

«ስማኝ፤ ድርጅቱ እንግዶች ይልካል። ጓሮው ካማረ ለዚያ ወንበር ሌላ ሰው አላስብም። ካላማረ ግን የማስበው ሰው አለኝ።»

«እርስዎ ብቻ አይስጉ፣ ዳይሬክተር። ገነት ነው የማደርገው።»

«ገነት ማን አለህ? እንግዳ የሚያየው ነገር አድርግልኝ።»

ልዩነቱ ለሴሚናር ወዲያው ገባው። እንዲህ ያለው ነገር ላይ ፈጣን ነው።

ሥራውን ልጆቹ ሠሩት። ታሪክ እንደ ልማዱ ሰፊውን ሕዝብ ያስቆፍርና ሜዳሊያውን ለአስቆፋሪው ያጠልቃል። ልጆቹ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ የነበረውን ደረቅ መሬት ድንጋዩን ለቅመው፣ ቆፍረው፣ መደብ አወጡ። ካሮት፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ቀይ ሥር ዘሩ። ሴሚናር ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ «በሳይንሳዊ መንገድ ቆፍሩ!» እያለ ይጮሃል፤ የትኛው ሳይንስ እንደሆነ አልተናገረም። ልጆቹ ግን ነገሩን ወደዱት። እርስ በርስ ውሃ ተረጫጩ፤ ትል አገኘን ብለው ተንጫጩ፤ የኔ መደብ ይበልጣል ያንተ ተባብለው ተደባደቡ። ከመካከላቸው አንዷን «ለምን» ይሏታል፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። ይህች ልጅ ጠዋት ጠዋት ከዘበኛው ቀጥላ ግቢ ትደርስና ቡቃያውን እየዳሰሰች «አደራችሁ?» ትለዋለች።

ካሮቱ ደረሰ። አናቱ ከአፈሩ ብቅ ብሎ ቀላ። ሴሚናር ግራ ቀኙን አይቶ ጎንበስ አለና በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ለጋ ነው፤ ዛሬ ቢነቅሉት እንደ ከረሜላ የሚበላ። ቀና ሲል ለምን ከኋላው ቆማለች።

«ቲቸር፣ ደረሰ አይደል?»

«በመድረስ ሂደት ላይ ነው።»

«እንንቀለዋ!»

«እንግዶች ይመጣሉ። እስኪመጡ አይነካም።»

«ለምን?»

«በልታችሁ ከጨረሳችሁት ምኑን ያዩታል?»

«ስንበላ ያዩናላ!»

ሴሚናር ለዚህ የሚሆን መልስ ያለበት ስልጠና አልወሰደም። በማግስቱ በመደቡ ራስ ላይ «እንግዶች ሳይመጡ መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። በጓሮው ውስጥ ሥር የሌለው እሱ ብቻ ነበር፤ ከሁሉ የተከበረውም እሱ ሆነ።

እንግዶቹ በቀጠሯቸው አልመጡም። መኪናቸው ተበላሸ ተባለ። ሌላ ቀን ተቀጠረ፤ የቡድኑ መሪ ስልጠና ላይ ናቸው ተባለ። ይህን ሲሰማ ሴሚናር እንደ መቅናት አደረገው። ሦስተኛው ቀጠሮም አለፈ። ካሮት ደግሞ የሰው ቀጠሮ አያከብርም፤ በገዛ ራሱ ጊዜ ወፈረ፣ ተሰነጠቀ፣ ውስጡ እንጨት አበጀ። ሰላጣው ግንድ አውጥቶ እንደ ሸምበቆ ተመዘዘ።

ማብሰሉስ? ማብሰሉም ሳይቀር ተማሩት። ምድጃው ከነላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ተሰይሟል፤ ላስቲኩ ከተገፈፈ አዲስ አይመስልም ተብሎ። ጋዙም ለእንግዶች ቀን እንዲተርፍ አይለኮስም። ስለዚህ ልጆቹ በባዶ ድስት ተለማመዱ። የሌለ ሽንኩርት ላጡ። «ዐይናችሁን ጥረጉ እንጂ፣ ሽንኩርት እኮ ነው!» እያለ ሴሚናር ተቆጣቸው። የሌለ ካሮት ከተፉ፤ የሌለ ውሃ ጨመሩ። በመጨረሻ እሱ ሲያጨበጭብ ማንኪያቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው በአንድ ድምፅ «ይጣፍጣል!» ይላሉ። አንድ ቀን ለምን ማንኪያዋን ልሳ «ቲቸር፣ የኔ ጨው አንሶታል» ብትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም ጥግ ይዛ ቆመች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው ላሟን አላያትምና ይጽናና። እነዚህ ልጆች ግን ካሮታቸውን በመስኮት እያዩ ነበር ባዶ ድስት የሚያማስሉት።

ጎመኑ ያበበ ዕለት ዳይሬክተሯ በጓሮው በኩል አለፈች። መደቡ ቢጫ በቢጫ ሆኗል። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይኸ ነገር አበባም አለው እንዴ? ይኼን ሁሉ ደብቀኸኝ ነው? ፎቶ አንሺ ይጠራ!»

ጎመን ሲያብብ ቅጠሉ እንደሚመር ከጆንያ ጥግ ያደገ ሰው ያውቃል። ሴሚናር ያውቃል። ሐቁን የመናገር ፍላጎት እንደ ስርቅታ ድንገት ያዘው።

«ዳይሬክተር፣ አንዲት ነገር ነበረችኝ። ይኼ አበባ…»

«ምን ሆነ?»

«ጎመኑ ትንሽ እየጠነከረ…»

«ጠንካራ ነገር እወዳለሁ። እንዲያውም አስታወስከኝ፤ የዚያን ወንበር ጨርቅ ላስቀይረው ነው። ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል ትላለህ?»

«ሰማያዊ» አለ ሴሚናር።

ስርቅታው ለቀቀው። የጎመኑም ነገር በዚሁ አበቃ። አድርባይነት ብዙ ጊዜ ታላቅ ውድቀት ይመስለናል፤ ከተራራ መፈጥፈጥ ነገር። የዚህኛው ሰው አወዳደቅ የጨርቅ ቀለም ከመምረጥ አልበለጠም።

ከዕለታት አንድ ቀን «ነገ ጠዋት ይደርሳሉ» ተብሎ ተደወለ። የአሁኑ እውነት ነው፤ ተነስተዋል። ሴሚናር አንድ ካሮት ነቀለና በጥርሱ ሞከረው። ጥርሱ ተመለሰ። ወንበሩ ከዐይኑ ፊት እየዞረ ሲሸሸው ታየው። ያን ጊዜ እናቱ ትዝ አለችው። የቸገረው ልጅ እናቱን ያስታውሳል ይባላል፤ ይኼኛው ከቸገረውም በኋላ ማን ያየኛል ብሎ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ገበያው የደረሰ።

እናቱ ከጆንያዋ ፊት ተቀምጣ ሽንኩርት ትገለብጣለች።

«ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለችው፤ እጇ ሥራውን ሳያቋርጥ።

«እማዬ፣ ካሮት ነበር። ያረጀ።»

«የስንት ቀን ነው?»

«መሬት ውስጥ ነው ያለው።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠችው። «መሬት ውስጥ እያለ ያረጀ? ባለቤቱ ሞቶ ነው?»

«የትምህርት ቤት ነው።»

«ሞቷል በለኛ!» አለችና ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጠችው ድንች ሻጭም አብራ ሳቀች። «ልጆቹስ? ልጅ ባለበት ግቢ ካሮት እንዴት አድርጎ ነው የሚያረጅ? አንተ ራስህ ከዚህች ጆንያ ላይ እየሰረቅክ አይደል እንዴ ጥርስ ያበቀልከው!»

«እማዬ፣ ስለ ልጆቹ አልመጣሁም።»

እናቱ አየችው። ገዢን እንደምታየው አድርጋ አየችው፤ ስንት ድረስ እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚለሳለስ።

«አዎ፣ አውቄብሃለሁ» አለች። ከዚያም ነገረችው። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲያሳድረው፣ የተሰነጠቀውን ወደ ታች እንዲያዞረው፣ ሥሩን በዘይት ጨርቅ ወልወል እንዲያደርገው፣ ቅጠሉን በእርጥብ ክር እንዲያስረው። «ቅጠሉን አሳምር፤ ከቅጠሉ በታች ማንም አይጠይቅህ። አደራህን ደግሞ፣ አንዴ ለሸጥክለት ሰው መልሰህ እንዳትሸጥ። ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚታለለው።»

እዚህ ላይ የተከበሩት እናት ተሳስተዋል። ባለ መኪና እንግዳ አይተው አያውቁም።

እንግዶቹ መጡ። የቡድኑ መሪ ከመኪና ሲወርዱ ሆዳቸው ቀደማቸው፤ እሳቸው ተከተሉት። ካሮቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ያበራል፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ጤዛ መስሎ ተንጠባጥቧል። «ድንቅ ነው» አሉ መሪው፤ አንድም ሳይነኩ። ላስቲኩ ከምድጃው ላይ ተገፈፈ፤ ጋዙ ተለኮሰ፤ ልጆቹ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ቆሙ።

ያልታሰበው ነገር እዚህ ላይ መጣ። ባዶ ድስት ቶሎ ይበስላል፤ ውሃ ያለበት ግን ጊዜ ይፈልጋል። በልምምዱ ጊዜ ከመክተፍ እስከ መቅመስ አንድ መዝሙር አያስጨርስም ነበር። ድስቱ ገና ለብ ሳይል ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አይታ ለሴሚናር በዐይኗ ምልክት ሰጠችው። ሴሚናር አጨበጨበ። ልጆቹም እንደ ተማሩት፣ በጥሬ ካሮትና በመራራ ጎመን ላይ ማንኪያ አንስተው፣ ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ሳይቀምሱ፣ በአንድ ድምፅ «ይጣፍጣል!» አሉ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሾርባው በጎድጓዳ ሳህን ቀረበላቸው። መሪው አንድ ቁራጭ ካሮት አፋቸው ውስጥ አስገቡና ማላመጥ ጀመሩ። አላመጡ። ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩት፤ አላመጡ። የዚያ ሰውዬ መንጋጋ የሴሚናርን ዕጣ እያላመጠ ነው። በመጨረሻ መሪው ዐይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

«ፋይበሩ» አሉ። «ፋይበሩ ይሰማል።»

«እኛም ያተኮርነው ፋይበሩ ላይ ነው» አለ ሴሚናር፤ ከአፏ ቀማት እንጂ ዳይሬክተሯም ይኼንኑ ልትል ነበር።

ሌሎቹ እንግዶች መሪያቸው ከዋጡ እኛ ማን ነን ብለው ዋጡ። አንዷ የጎመኑን ቅጠል ቀምሳ ፊቷ ጭምትር ሲል፣ ፎቶ አንሺው ፈገግታ መስሎት አነሳት። ንግግር ተደረገ። ትምህርት ቤቱ ለሌሎች አርአያ ይሆናል ተባለ። ልጆቹ ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«ቲቸር፣ እኛስ?» አለች ለምን፣ ቀስ ብላ።

«ለእናንተ ሰርተፊኬት አለ።»

በሳምንቱ ሴሚናር ምክትል ዳይሬክተር ሆነ። የወንበሩ ጨርቅ ሰማያዊ ነው። ሚስቱ ለእህቷ ደውላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ረዥም ወሬ አወራች። ተማሪዎችም ስሙን ሊለውጡለት ሞክረው ነበር፤ «ምክትል ሴሚናር» ከሚለው የተሻለ አላገኙም። የምክትል ዳይሬክተር ዋና ሥራ ሥነ ሥርዓት ማስከበር ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ማስቆለፍ፣ ያረፈደን ማስቆም፣ ጥፋተኛን ወላጅ ማስጠራት። ሴሚናር ለዚህ ሥራ የተወለደ ያህል ተመቸው። ጓሮውን በተመለከተ ግን አዲስ መመሪያ አልወጣም፤ ሌሎች እንግዶች ሊመጡ ይችላሉና ሰሌዳው እንዳለ ቆየ።

አንድ ረፋድ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከወንበሩ ላይ ሆኖ በመስኮት ሲያይ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ጭስ ተነሳ። የቢሮውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ሲደርስ ልጆቹ ድንጋይ ጎልተው፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የሆነ ነገር እየቀቀሉ ከብበው ቁጭ ብለዋል። የካሮቱ ቅጠል አጠገባቸው ተቆልሏል። ሲያዩት ደነገጡ፤ ለመሮጥ ግን ማንም አልተነሳም፤ ቆርቆሮውን ጥሎ መሄድ አሳዝኗቸዋል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ካሮቱ እንጨት ሆኖ ነበር» አለች ለምን፣ ፊቷ ጥላሸት ነክቶት። «እንደ ወረቀት አሳሳነውና ብዙ ቀቀልነው። ጎመኑ ሲመረን የመጀመሪያውን ውሃ ደፋነው። ይቅመሱ፣ ቲቸር።»

ማንኪያውን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ሴሚናር በግራም በቀኝም ተመልክቶ ቀመሰ። ለስልሷል። መራራነቱ ከሞላ ጎደል ወጥቶ፣ ከሥሩ ጣፋጭ ነገር ቀርቷል። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም በአንድ ድምፅ አልተናገረም። ልጆቹ አፉን አፉን ብቻ ያያሉ።

«እንዴት ነው?» አለ አንዱ መጠበቅ ሲያቅተው።

ሴሚናር ቆርቆሮውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ቁጢጥ አለና ደገመ። ሠለሰ። ምክትል ዳይሬክተር መሆኑንም፣ ሱሪው አፈር መንካቱንም የረሳ መሰለ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ እየተሳሳቁ ተጠጉት፤ አንደኛው እንዲያውም እሳቱን ቆሰቆሰለት። አፍታ ያህል፣ ከዚያም አትበልጥም፣ አስተማሪና ተማሪ ይመስሉ ነበር።

«ምክትል!» የዳይሬክተሯ ድምፅ ከወዲያ ማዶ ተሰማ። «ምንድን ነው የሚጨሰው?»

ሴሚናር ብድግ አለ። «የተግባር ትምህርት ነው» ቢል ነገሩ ባለቀ፤ ሐሰትም አይሆንም ነበር። ቃሉ እምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። እሱ ግን ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ጥያቄ ይከተላል ብሎ አሰበ፤ ማን ፈቀደ፣ ሰሌዳውን ማን ጣሰ፣ አንተ የት ነበርክ። ካሮቱ ጉሮሮው ላይ እያለ ወንበሩ ታየው።

«ሌቦች ናቸው፣ ዳይሬክተር!» ብሎ ጮኸ። «ይዣቸዋለሁ!»

ሴሚናር በቆርቆሮው ሥር የቀረችውን ጠርጎ ጎረሰ፤ ለማስረጃ የሚሆን ነገር መተው ደግ አይደለም። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አፉን በጥንቃቄ ጠረገ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ነገ ወላጅ ሳታመጡ ግቢውን እንዳትረግጡ» አለ። ጥቂት እንደ ሄደ ዘወር ብሎ «ቆርቆሮውንም አጥባችሁ ሂዱ» ሲል ጨመረ።